የተሸናፊ ቡድን ጀግና በምን ይመዘናል?

እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2022 ካርዲፍ ላይ ዌልስ ጣሊያንን በራግቢ ስታስተናግድ፣ የጨዋታው ኮከብ የተሰየመው የመጨረሻው ፊሽካ ሳይነፋ ነበር፤ ዌልሳዊው የክንፍ ተጫዋች ጆሽ አዳምስ። በስድስቱ አገሮች ዋንጫ 36 ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈችው ጣሊያን ታሸንፋለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ግን ደቃቃው ኣንጅ ካፑዎዞ ኳሷን ከራሱ ሜዳ ይዞ ተነሣ፤ የሚመጡበትን ተከላካዮች አንድ በአንድ እያታለለ አልፎ ለኤዶዋርዶ ፓዶቫኒ አቀበለ። ፓዶቫኒ ከመስመሩ ኋላ መሬት አስነካት፤ ፓውሎ ጋርቢሲ በምቱ 22 ለ21 አደረገው። ከጨዋታው በኋላ አዳምስ የኮከብነት ሜዳሊያውን ለካፑዎዞ ሰጠው።

አዳምስ ያረመው ስሕተት በራግቢ ዓለም ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። የዓለም ራግቢ ማኅበር የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች መሸለም የጀመረው በ2001 ነው። ከ2012 እስከ 2017 ሽልማቱ ለስድስት ተከታታይ ዓመታት የሄደው ወደ ኒውዚላንድ ነው። ሪቺ መኮውና ዳን ካርተር ሦስት ሦስት ጊዜ ወስደውታል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ሽልማቱ የግለሰቡን ችሎታ ነው የሚመዝነው ወይስ የቡድኑን ድል?

ለዚህ ጥያቄ ከጣሊያኑ ሰርጂዮ ፓሪሴ የበለጠ ምስክር አላውቅም። አርጀንቲና ላ ፕላታ ተወልዶ በ18 ዓመቱ በ2002 ለጣሊያን የተሰለፈው ከኒውዚላንድ ጋር ነበር። 142 ጊዜ ተጫውቶ ከ100 በላይ ጊዜ ተሸንፏል። የሚጫወትበት ቦታ ቁጥር 8 ነበር። ስምንት ስምንት ሆነው ትከሻ ለትከሻ ሲገፋፉ ከኋላ ሆኖ በእግር የሚመጣለትን ኳስ የሚያነሣ ሰው ማለት ነው። የራሱ ወገን ወደፊት እየገፋ ከሆነ ኳሱ በሰላም ይደርሰዋል፤ ለማሰብም ጊዜ ይኖረዋል። የፓሪሴ ወገን ግን ብዙውን ጊዜ ወደኋላ ነበር የሚገፋው። ኳሷን የሚያነሣት ሁለት ሦስት ሰው ሊወድቅበት ሲል ነው፤ እንዲያም ሆኖ በአንድ እጁ ከጀርባው አሹልኮ ለጓደኛው ያቀብላት ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ፓሪሴ ሃምሳውንም ብቻውን ተሸክሟል።

በ2008 እና በ2013 ለዓመቱ ምርጥነት ታጭቶ ነበር። በመጀመሪያው ዌልስን ለፍጹም ድል ያበቃው ሼን ዊሊያምስ፣ በሁለተኛው ኪራን ሪድ አሸነፉት። ሪድም እንደ ፓሪሴ ቁጥር 8 ነበር፤ ቡድኑ በዚያ ዓመት 14 ተጫውቶ 14ቱንም አሸንፏል። ሪድ ታላቅ ተጫዋች ነበር። ሁለቱ ቡድን ቢለዋወጡ ሽልማቱ ወዴት ይሄድ እንደነበር ግን ለእኔ አያጠራጥርም።

መፍትሔው ቁጥር ነው የሚሉ አሉ። ቁጥርም በሁለት በኩል ያሳስታል። የተሸናፊ ቡድን ተከላካይ ሃያ ሰው ጥሎ ቢወጣ ጉብዝናው ብቻ አይደለም፤ ቡድኑ ኳስ ስላላገኘ ቀኑን ሙሉ ሲከላከል ውሏል። በአሸናፊው ቡድን ያለ የክንፍ ተጫዋች ደግሞ ሌሎች ደክመው ባዶ ያደረጉለትን ሜዳ ሮጦ ነጥብ ያስቆጥራል። ቆጠራው የሚጠቅመው ኳሱ በምን ሁኔታ እንደደረሰው አብሮ ሲታይ ነው። ይህን ደግሞ ቁጭ ብሎ ጨዋታውን፣ በተለይም የሚሸነፉትን፣ ካላዩ በስተቀር ማወቅ አይቻልም።

ተጫዋችን ከቡድኑ ነጥሎ የሚፈትን አንድ መድረክ ግን አለ፤ የብሪታንያና የአየርላንድ ላየንስ። በአራት ዓመት አንዴ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከአየርላንድ የተውጣጡ ተጫዋቾች በአንድ ማሊያ ይጓዛሉ። በሜይ 2025 አሠልጣኙ አንዲ ፋረል 38 ሰዎች ሲመርጡ ዌልሳውያኑ ሁለት ብቻ ነበሩ። ዌልስ በዚያን ጊዜ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ አንድም ዓለም አቀፍ ጨዋታ አላሸነፈችም ነበር። ከሁለቱ ቶሞስ ዊሊያምስ ገና በጉዞው መጀመሪያ ተጎድቶ ተመለሰ፤ የቀረው የዌልሱ አምበል ጃክ ሞርጋን ነበር። ከአውስትራሊያ ጋር ብሪዝበን ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ እሱም አልተሰለፈም። ላየንስ ያለ አንድም ዌልሳዊ ለእንዲህ ያለ ግጥሚያ ሲወጣ ከ1896 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

በሜልበርኑ ሁለተኛ ግጥሚያ ሞርጋን ተቀይሮ ገባ። በመጨረሻው ደቂቃ አንድ የላየንስ ተጫዋች ኳስ እንደያዘ ወደቀ፤ አውስትራሊያዊው ካርሎ ቲዛኖ ኳሷን ሊነጥቅ አጎነበሰ። ሞርጋን ዝቅ ብሎ ደርሶ ከኳሷ ላይ ገፍቶ አነሣው፤ ኳሷ በፍጥነት ወጥታ ሂዩጎ ኪናን ከመስመሩ አሻገራት። አውስትራሊያውያን ጥፋት ነው ብለው ተከራከሩ፤ ጣሊያናዊው ዳኛ አንድሬያ ፒያርዲ ቪዲዮውን አይተው አጸደቁት። ላየንስ 29 ለ26 አሸንፎ ፍልሚያውን በእጁ አስገባ። ነጥቡ የተመዘገበው በኪናን ስም ነው። ሞርጋን ግን ያንኑ ሥራ ዌልስ ስትሸነፍም ሲሠራው የኖረ ነው፤ ፋረልም እሱን የመረጡት ገና አገሩ ስትሸነፍ እያዩ ነው።