አትላስት፦ ናፍጣ የማያቃጥል ቴሌስኮፕና የላስታ ተራሮች

ከቆቦ ወደ ምዕራብ ሲታይ የራያ ሜዳ ከደጋው ግርጌ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ግዳንና ላስታ ናቸው። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ቆላው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ የላስታ ተራሮች ደግሞ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎችን ቀልብ ስበዋል።

ምክንያቱ አየሩ ነው። የውሃ እንፋሎት በብዛት የሚከማቸው በታችኛው የአየር ክፍል ነው። ከሕዋ የሚመጣውን የሚሊ ሜትርና ከዚያም ያጠረ ሞገድ ይህ እንፋሎት መንገድ ላይ ውጦ ያስቀረዋል። አቧራና የከተማ መብራት ሲታከሉበት በዓይን የሚታየው የኮከብ ብርሃንም ይደበዝዛል። ስለዚህ ቴሌስኮፕ ከፍ ያለ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ይፈልጋል።

በደረቅነቱ በዓለም ከታወቁት ቦታዎች አንዱ በሰሜን ቺሊ፣ በአታካማ በረሃ፣ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የቻህናንቶር አምባ ነው። አትላስት የተባለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ የታቀደው ለዚያ አካባቢ ነው። ገና አልተተከለም፤ በንድፍ ላይ ነው። የንድፍ ጥናቱ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ በኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2021 ተጀመረ። የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ፣ እንዲሁም የብሪታኒያና የጀርመን ተቋማት ተሳትፈውበታል።

የቴሌስኮፑ ሳህን ስፋት 50 ሜትር ነው። በዚያው አምባ ላይ ያለው አልማ የተባለው ቴሌስኮፕ 66 አንቴናዎችን አጣምሮ ረቂቅ ዝርዝር ያያል፤ ባንድ ጊዜ የሚያየው የሰማይ ክፍል ግን ጠባብ ነው። አትላስት በአንጻሩ እስከ 2 ዲግሪ፣ ማለትም አራት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙትን ስፋት፣ ባንዴ እንዲቃኝ ታስቧል። የሚፈልገውም ከዋክብት የሚወለዱበትን ቀዝቃዛ ጋዝ፣ እንዲሁም በአቧራ የተሸፈኑ ሩቅ ጋላክሲዎችን ነው።

ከግዝፈቱ ይልቅ ልዩ የሚያደርገው ግን የኃይል ምንጩ ነው። በዚያ ከፍታ ያሉ ቴሌስኮፖች በዋነኛነት የኖሩት በናፍጣና በጋዝ ነው። የአትላስት አጥኚዎች የኃይሉን ጥያቄ ከሳህኑ ንድፍ እኩል አስቀመጡት። በእቅዳቸው ቀን ቀን ከፀሐይ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ከፊሉ በባትሪ ይጠራቀማል፤ ከፊሉ ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ያመርታል፤ ይህም ፀሐይ በሌለችበት ጊዜ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ግዙፉ አካል ዞሮ ፍሬን ሲይዝ የሚባክነውን ጉልበትም መልሶ ለመጠቀም ታቅዷል። ከዚህም አልፈው በአቅራቢያው ካለችው የሳን ፔድሮ ዴ አታካማ ከተማ ሰዎች ጋር ተነጋግረው፣ ከቴሌስኮፑ የኃይል ማመንጫ ነዋሪውም የሚጠቀምበትን መንገድ አጥንተዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ በ2007 ዓ.ም. ሲመረቅ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ነበሩት። ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ቢሆንም የአዲስ አበባ መብራትና የክረምት ደመና ይፈታተኑታል። ያኔውኑ ከከተማ መብራት የራቀ፣ የላቀ አቅም ያለው ኦብዘርቫቶሪ በላሊበላ ዙሪያ ተራሮች ላይ የመትከል እቅድ ተነግሮ ነበር። ይህ በዓይን ለሚታይ ብርሃን የሚሆን ቴሌስኮፕ ስለሆነ ከአትላስት ይለያል፤ የሚገጥሙት ጥያቄዎች ግን ተመሳሳይ ናቸው። ኃይሉ ከየት ይመጣል? መንገዱ በየት ያልፋል? ነዋሪው ምን ያገኛል?

ጥያቄዎቹ ለላስታ ይበልጥ ይከብዳሉ። አቡነ ዮሴፍ ጅብራ የሚበቅልበት፣ ጭላዳና ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚጠብቀው ስፍራ ነው። በዚህ ዓይነት ተራራ ላይ መጀመሪያ ጄኔሬተር ተክሎ ስለ ተፈጥሮ ኋላ ማሰብ አያዋጣም።

ስለዚህ የላሊበላው እቅድ በሥራ ሲተረጎም የፀሐይ ኃይሉ፣ የቀይ ቀበሮው መኖሪያና የአካባቢው ሰው ድምፅ ከመጀመሪያው የንድፍ ወረቀት ላይ ይስፈሩ። የቆቦ፣ የወልድያና የላሊበላ ማዘጋጃ ቤቶችም ድርሻ አላቸው፤ የመንገድ መብራቶቻቸውን ከላይ ከልለው ብርሃኑን ወደ መሬት ብቻ ይልቀቁት። ይህ ኃይል ይቆጥባል፤ ሰማዩንም ከወዲሁ ለቴሌስኮፑ ያቆያል።