ቀኑን የረሳው ኮምፒዩተር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ እድሳት በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ. ም. ስላቆመ፤ ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል የማይችሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮች በየቤቱ ቀርተዋል። አንዱ የኛ ነው። ባለቤቴ «ይጣል» ብትልም፤ የሠርጋችን ፎቶግራፎች በውስጡ ስለ ነበሩ አልተስማማሁም።

አዲስ ሥርዓት ሲጫን ዲስኩ ሊጠረግ ስለሚችል፤ አስቀድሜ ፎቶግራፎቹን ወደ ሌላ ማስቀመጫ ገለበጥሁና ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት መጫን ጀመርሁ። ሥራው ግን እመንገድ ላይ ቆመ። መኪናው ከኢንተርኔት የሚያወርደውን ሁሉ «የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ገና አልደረሰም» እያለ መለሰው። ጥፋቱን በዲስኩ ላይ ሳመካኝ ሁለት ቀን አለፈ።

በመጨረሻ ባዮስ የተባለውን የመነሻ ማስተካከያ ከፍቼ ባይ፤ የመኪናው ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶአል። ለካ በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለችው፤ ሳንቲም የምትመስለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ (ስሟ ሲአር 2032 ነው) አልቃለች! እርስዋ ካለቀች መኪናው ከኤሌክትሪክ በተለየ ቍጥር ቀኑን ይረሳል፤ ትናንት የተጻፈውንም ምስክር ወረቀት ገና ወደ ፊት እንደሚጻፍ ይቈጥረዋል። ባትሪዋን ለውጬ ቀኑን ባርመው፤ ጭነቱ ያለ እንከን ተፈጸመ። ማታ ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴን ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ስትመልስ አገኘኋት።