የሊባኖስ ቀይ ወይን ጠጅና የመሠዊያው ዘቢብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ለመሳለም ወደ ገዳማት ከሚመጡ ምእመናን አንዳንዶቹ የታሸገ ቀይ የወይን ጠጅ በመባዕነት ይዘው ይመጣሉ፤ «ለቅዳሴ ይሆናልን?» ብለውም ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነው። ምላሹ ግልጽ ይሆን ዘንድ እንዲህ ያለው ጠጅ ከወዴት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚሠራ አስቀድመን እንመልከት፤ ለአብነትም የሊባኖሱን እንውሰድ።

ነቢዩ ሆሴዕ በትንቢቱ ምዕራፍ 14 የሊባኖስን ወይን ለምሳሌ አንሥቶታል። ዛሬም የሀገሪቱ ወይን በብዛት የሚለማው በበቃዓ ሸለቆ ነው። ይህ ሸለቆ በምዕራብ በሊባኖስ ተራራ፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ አርሞንዔም በሚወርደው የተራራ ሰንሰለት መካከል 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል። ሸለቆ ይባል እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1000 ሜትር ከፍ ያለ ነው። በጋው ደረቅ ሆኖ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የቀኑ ሙቀት ፍሬውን ያጣፍጠዋል፤ የሌሊቱ ብርድ ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታል።

በሮማውያን ዘመን በበኣልቤክ ለወይን ጣዖት ለባከስ የታነጸው ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል። ይሁን እንጂ በቅርቡ ዘመን የወይን ልማቱን ካስፋፉት መካከል ካህናት ይገኙበታል። የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ማኅበር አባቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 በክሳራ ወይን መጥመቅ ጀመሩ፤ ማኅበሩም ቦታውን እስከ 1973 ይዞት ቆይቷል።

ከሸለቆው ጠጆች በዓለም እጅግ የታወቀው ጋስቶን ሆሻር በ1930 ያቋቋመው የሻቶ ሙሳር ቀይ ጠጅ ነው። ይህ ጠጅ የሦስት ወይኖች ቅልቅል ነው። ካቤርኔ ሶቪኞን ጥንካሬን፣ ሲንሶ መዓዛንና ልስላሴን፣ ካሪኛን ቀለምንና ኮምጣጣነትን ይሰጡታል። ሦስቱ ለየብቻቸው ተጠምቀው ይቆያሉ፤ የሚዋሐዱት በሦስተኛው ዓመት ነው። ከዚያም በጠርሙስ ሆኖ ያርፋል፤ ለገበያ የሚወጣው ከመከሩ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ከ1975 እስከ 1990 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ፍሬው ከበቃዓ ተለቅሞ ተራራውን ተሻግሮ መጥመቂያው ወዳለበት ወደ ጋዚር መድረስ ነበረበት። በ1976 ጠጅ ሳይጠመቅ ቀረ፤ በአብዛኞቹ ዓመታት ግን ሰዎቹ መከሩን አልተዉትም።

እንግዲህ ይህን ያህል የተደከመበት ጠጅ ለመሠዊያ የማይቀርበው ስለ ምንድር ነው? የተናቀ ሆኖ አይደለም። የሮማና የግሪክ አብያተ ክርስቲያናት የፈላ ወይን ይቀድሱበታል፤ የእኛ ሥርዓት ግን ሌላ ነው። ዲያቆኑ በቤተ ልሔም ንጹሑን ዘቢብ አጥቦ በውኃ ይዘፈዝፈዋል፤ አሽቶም ያጠልለዋል። ከዘቢብና ከውኃ በቀር የሚገባበት ነገር የለም፤ አይፈላም፣ አያሰክርምም። የገበያው ጠጅ ግን የፈላ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንዳይበላሽ የሚጨመርበት መድኃኒት አለ። ስለዚህ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወደድ የዘቢቡን ቦታ አይተካም።

ስለዚህ ተሳላሚዎች ሆይ፣ ለቅዳሴ መባዕ ማምጣት ብትሹ ዘቢብ አምጡ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ እንዲያብረቀርቅ ዘይት የተቀባ፣ ስኳር የተጨመረበት ወይም በድኝ ጢስ የታጠነ አይሁን። ያልሻገተ፣ ያልተነቀዘና ንጹሕ ይሁን፤ ከመግዛታችሁ በፊትም የገዳሙን መጋቢ ጠይቁ። በቅንነት ጠጁን ይዞ የመጣውንም ማንም አያሳፍረው፤ ለእንግዶች ማዕድ ይሆናልና።

የአንድ እፍኝ ዘቢብ ዋጋ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በጸሎተ ቅዳሴ ክቡር ደሙ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ምእመን በስጦታው ማነስ አይፈር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።