የጊፋታ ፎቶ የት ያድራል?

መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲከበር ሶዶ ስልኳን ይዛ ትወጣለች። ጭፈራውም የባህል ልብሱም ይቀረጻል፤ ሳይመሽ ፌስቡክ ላይ ይጫናል። ፎቶው ከዚያ በኋላ የት እንደሚያድር ሲጠየቅ «ክላውድ ላይ» ይባልና ነገሩ ያልቃል። ክላውድ የሚባለው ግን ዲስክ ነው፤ ዲስክ ደግሞ ይበላሻል። ሺህ ሰርቨር በተደረደረበት አዳራሽ አንዱ ዲስክ ሞቶ ሌላው ይከተላል። ኦብጀክት ስቶሬጅ የሚባለው የማከማቻ ዘዴ ይህን ከመነሻው አምኖ የተሠራ ነው።

በዚህ ዘዴ ፎልደር ውስጥ ፎልደር መክፈት የለም። እያንዳንዱ ፎቶ የራሱ ስምና ስለ ራሱ የሚናገር መግለጫ አለው፤ በስሙ ይቀመጣል፣ በስሙ ይጠራል። መሃሉን ከፍቶ ማረም አይቻልም፤ መለወጥ ከተፈለገ ሙሉው በአዲስ ይተካል። ጉድለት ይመስላል እንጂ መጋዘኑ ቢሊዮን ፋይል ተሸክሞ የማይጨናነቀው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ለምሳሌ የፌስቡክ መሐንዲሶች በዚህ መንፈስ የሠሩትንና «ኤፍ4» ያሉትን መጋዘናቸውን በ2014 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስተዋውቀዋል። በወቅቱ አዲስ ፎቶ ብዙ ሰው ስለሚያየው መጀመሪያ «ሄይስታክ» በሚባል ሌላ መጋዘን ይቆይ ነበር፤ ተመልካቹ ሲቀንስ ወደ ኤፍ4 ይዛወር ነበር። እዚያ ፎቶዎች በ100 ጊጋባይት ገደማ ጥቅል ይታሰሩ ነበር። ጥቅሉ በብሎክ ይከፈልና ለየ10 ብሎክ 4 ማካካሻ ብሎክ ይሰላ ነበር። 14ቱ በተለያዩ መደርደሪያዎች ይበተኑ ነበር፤ የትኞቹም 4 ቢጠፉ ከቀሩት 10 መልሶ ማስላት ይቻል ነበር። ስሌቱ ሪድና ሰሎሞን የተባሉ ሁለት የሂሳብ ሰዎች በ1960 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው፤ ፌስቡክ ሊታሰብ ቀርቶ ኢንተርኔት እንኳ ባልነበረበት ዘመን! ትርፉ ቦታ ነበር። ሄይስታክ ለአንድ ባይት 3.6 ባይት ሲፈጅ፣ ኤፍ4 አንድ የዳታ ማዕከል ሙሉ በሙሉ ቢወድም እንኳ የሚቋቋምበት አደረጃጀት 2.1 ይበቃው ነበር።

ለሶዶ ሰው መበተን እንግዳ አይደለም። ከተማዋ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ብትሆንም፣ ቢሮዎቹ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ጂንካና ካራትም ይገኛሉ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፦ ጉዳይዎ ጂንካ ያለ ቢሮ ከሆነ ሶዶ ላይ አያልቅም። ኤፍ4 ውስጥ ግን የማይተካ መደርደሪያ አልነበረም።

የሚያሰጋው ይልቅ ፋይሉ ወደ መጋዘኑ የሚሄድበት መንገድ ነው። ባሕር የሌላት ኢትዮጵያ ከባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመዶች ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል ነው፤ የመብራቱ ነገር ደግሞ ይታወቃል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው የአማዞኑ ኦብጀክት ስቶሬጅ ኤስ3 ለዚህ መላ አለው። ትልቅ ፋይል ተከፋፍሎ ይላካል፤ ከመጨረሻው በቀር አንዱ ክፍል ከ5 ሜጋባይት አያንስም፣ ብዛታቸውም እስከ 10,000 ይደርሳል። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተመራማሪ የጥናቱን ቪዲዮ ሲጭን መብራት ቢሄድበት፣ ሲመጣ ካቆመበት መቀጠል ይችላል። ትቶት ከሄደ ግን የደረሱት ክፍሎች እስኪሰረዙ ድረስ ኪራይ ይቆጥሩበታል።