የእንጦጦ ዳገትና የአሮጌው ላንድክሩዘር ጓርኒሲዮን

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ የሚወጣ አሮጌ ላንድክሩዘር በድምፁ ከሩቅ ይታወቃል። ሾፌሩ ማርሹን ይቀንሳል፤ ሞተሩ ያጓራል፤ ጥቁር ጭስም ይከተለዋል። ይህ የተለመደ ነው። ጭሱ ሲነጣና ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲነሣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው ዳር ይይዛል፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም ሾፌሩን «አይዞህ» ብለውት ያልፋሉ። ብዙውን ጊዜ የተቃጠለው ጓርኒሲዮኑ ነው።

ይህን ቃል መካኒኮቻችን የወሰዱት ከጣሊያንኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተማሩት ጋስኬት ይሉታል። በሞተሩ ግንድና በክዳኑ፣ ማለት በቴስታታው መካከል የሚገባ ስስ ነገር ሲሆን፣ ውፍረቱ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ሥራው ግን ከባድ ነው። የማይስማሙ ሦስት ጎረቤቶችን፣ ይኸውም የሚነደውን ጋዝ፣ ማቀዝቀዣውን ውሃና ዘይቱን ለያይቶ ይይዛል። ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ብረቱ ሲሰፋና ሲሰበሰብ እርሱም አብሮ ይታሻል። ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነማ፣ ከብረቱ ግንድ እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ መታሸቱ ይብሳል።

ይሁንና ጓርኒሲዮን የሚሞተው በእርጅና ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። በእኛ አስተያየት ዋናው ገዳይ የውሃው ነገር ነው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር ውሃ ደግሞ በሥራ ላይ ሳለ ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ አንባቢ ያስላው! ይህን ጥበት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ውሃው እንጦጦ ላይ እንኳ 110 ዲግሪ ሳያልፍ አይፈላም። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ይህን አያደርግም፤ ስንቱ ሞተር የወረደው በዚህች ትንሽ ዕቃ ምክንያት ይሆን? ማንም የሚመለከታት የለም።

ከዚህም በቀር በየምንጩ የተቀዳ ውሃ መሙላት በሞተሩ ውስጥ ዝገትና ደለል ያከማቻል። ከሁሉ የከፋው፣ የፈላውን ሞተር በጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማብረድ መቸኮል ነው፤ በዚህ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሕመሙ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ፍሳሽ ሳይታይ ውሃው ይጎድላል፤ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ይንተከተካል፤ ዘይቱም ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። በዚያን ጊዜ አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝቶ በአሮጌው ገጽ ላይ መጫን ገንዘብ መጣል ነው። በመገናኛ አካባቢ ያነጋገርናቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ላይ አጋድመው በሥሩ ብርሃን ፈለጉ። ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ከጠመመ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ መላግ አለበት። ቡሎኖቹም ከመካከል ወደ ዳር፣ በተራ በተራ፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቃሉ እንጂ በክንድ ግምት አይደለም።

በ2016 ዓ. ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስላስታወቀ፣ አሮጌውን መኪና አቆይቶ መጠቀም ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብ ሆኗል። የመስክ ሥራ የሚወጣው ወጣት ሠራተኛ ይህ የመካኒክና የሾፌር ጉዳይ ነው ይል ይሆናል። እኛም እንደዚሁ እንል ነበር። ከዓመታት በፊት ከእንጦጦ ማዶ ለስብሰባ ስንሄድ ሾፌሩ የሙቀቱን ቀስት አይተው፣ «ልጆች፣ ሞቋል፤ ትንሽ እናሳርፈው» አሉን። እኛም፣ «ጋሼ፣ ስብሰባው ይረፍድብናል፤ ቀስ ብለው ይውጡ» አልናቸው። ስብሰባው አለፈን፤ ቴስታታውም ጠመመ። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ የተጻፈው ግን ለጋሼ ነበር፤ ሲፈርሙበት አጠገባቸው ቆመን ነበር።