የምድጃ ቁጠባና የምድጃ ልክ

አንድ ምድጃ «ማገዶ ቆጣቢ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው? ቆጣቢ ከሆነስ ለማንኛውም ቤት ይስማማል? በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንመለከታለን። አንዱ ቁጠባ ነው፤ ሁለተኛው ልክ ነው።

መጀመሪያ ቁጠባን እንይ። በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥደን ስናነድ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ምጣዱ አይሄድም። አብዛኛው በጎን ያመልጣል፤ ነፋስም ይወስደዋል። አሥር እንጨት ብናነድ ለመጋገሩ የሚጠቅመው የአንዱ ወይም የሁለቱ ሙቀት ብቻ ነው። የቀረው በከንቱ ያልቃል። ይህ እንጨት ግን እናቶችና ልጆች ከሩቅ በጀርባቸው ያመጡት ነው። እንጨት ሲጠፋ ደግሞ ኩበት ይነዳል፤ ለማሳ ማዳበሪያ የሚሆነው አመድ ሆኖ ይቀራል።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን «ምርጥ» የተባለ የእንጀራ ምድጃ ተሠራ። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ነው። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል።

ይህ እንዴት ታወቀ? ማገዶ ተመዝኖ በጉልቻ እንጀራ ይጋገራል። ያንኑ ያህል እንጀራ በአዲሱ ምድጃም ይጋገራል። ከዚያ ሁለቱ የፈጁት ማገዶ ይነጻጸራል።

አሁን ወደ ልክ እንምጣ። «ግማሽ ይቆጥባል» የሚባለው ምጣዱ ከምድጃው ጋር ሲገጥም ነው። ምርጥ ምድጃ የተሠራው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ላለው ምጣድ ነው። ይህም ከአንድ ክንድ ጥቂት ይበልጣል። ምጣዱ ከዚህ ቢያንስ በዳሩ ክፍተት ይተርፋል፤ ነበልባሉና ጭሱ በዚያ ይወጣሉ። በጣም ቢሰፋ ደግሞ ዳር ዳሩ በደንብ አይግልም፤ እንጀራውም ዳሩ ሳይበስል ይቀራል። ያን ጊዜ ቁጠባው የታለ?

የሥራውም ብዛት ልክ አለው። ምጣድ እስኪግል ድረስ ብዙ ማገዶ ይበላል። ለሁለት ለሦስት እንጀራ ብቻ ብናነድ ማገዶው ምጣዱን በማጋል ያልቃል። ስለዚህ ቤተሰቡ ትንሽ ከሆነ የሁለት ሦስት ቀኑን ባንድ ጊዜ መጋገር፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተራ ገብቶ በጋለው ምጣድ መጋገር ይሻላል።

እስቲ እናስላ። አንድ ቤት ለእንጀራ ብቻ በወር 4 ሸክም እንጨት ይፈጃል እንበል። ልኩ የሆነ ምርጥ ምድጃ ቢኖረው 2 ሸክም ይበቃዋል። በዓመት 24 ሸክም ተረፈ ማለት ነው። ወጡ ግን አሁንም በጉልቻ ከተሠራ የወጡ ማገዶ አልቀነሰም። ለዚህ ነው ምርጥ ምድጃ ከኋላው ድስት ማስቀመጫ ያለው። የሚወጣው ትኩስ ጭስ ድስቱን ያሞቀዋል።

እንግዲህ ምድጃ ከመግዛታችን በፊት እንዲህ እናድርግ፦

1. ምጣዳችንን በገመድ እንለካ።
2. በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ስንት እንጀራ እንደምንጋግር እንቁጠር።
3. ልኩ የሚገጥሙትን ምድጃዎች ለይተን፣ ከነሱ መካከል የበለጠ የሚቆጥበውን እንምረጥ።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለጣዕሙ እውነት ነው። ለማገዶው ግን ልኩ የሆነ ምድጃ ሸክም ያቀላል።

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ. ቁጠባና ልክ በምን ይለያያሉ?
ለ. በቤታችሁ ለእንጀራ በወር ስንት ሸክም ይነዳል?