ከሰማይ ሲታይ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ጽዱን ከባሕር ዛፉ ማን ይለያል?

ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዛችሁ ወደ እንጦጦ ማርያም ስትወጡ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ጭራሮና ቅጠል አዝለው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ታልፋላችሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ብርዱ ይቀበላችኋል። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ማርያም ነው። የጥንቱ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲመናመን ባሕር ዛፍ ከውጭ የመጣውም በእሳቸው ጊዜ ነው። ዛሬ ደግሞ እዚሁ ተራራ ላይ የሳተላይት መረጃ መቀበያ ጣቢያ አለ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ከቻይና ስትመጥቅ ምስሏን የሚቀበለው ጣቢያ የተዘጋጀው እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ነበር። ስለ መምጠቋ ያኔ ብዙ ተወርቷል። ያልተወራው ቀሪው ሥራ ነው፦ ምስሉ ወርዶ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ይደረጋል? ተመራማሪዎች አሁንም የሚታገሉት እዚያ ጋ ነው።

መጀመሪያ ነገር ምስሉ እንደ ስልካችሁ ፎቶ አይደለም። የኢቲአርኤስኤስ-1 አንድ ፒክስል መሬት ላይ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር ነው። አንድ ሙሉ የኳስ ሜዳ በ38 ፒክስል ገደማ ያልቃል ማለት ነው። ሰው አይለይም፣ መኪና አይለይም፣ ለብቻው የቆመ አንድ ዛፍም አይለይም። ስለዚህ "ሳተላይት ሁሉን ያያል" የሚባለውን ትንሽ ቀነስ አድርጉት።

ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ዓይናችን የማያየውን ብርሃን መመዝገቡ ላይ። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ መሥሪያ ይውጠዋል፤ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን፣ ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ግን በብዛት መልሶ ያንጸባርቀዋል። ኮምፒውተሩ የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው ያካፍላል። ኢንፍራሬዱ 50፣ ቀዩ 10 ከሆነ 40 ለ60 ሲካፈል 0.67 ይሆናል፤ ለምለም ነው። 30 እና 20 ከሆነ 0.2፤ ደርቋል ወይም ሳስቷል። ስሌቱ ኤንዲቪአይ ይባላል። በቃ ይኼው ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ፤ ግን በዓለም ዙሪያ ድርቅ የሚከታተሉ ሰዎች ይሠሩበታል።

እንጦጦ ላይ ሲደርስ ነው ችግሩ የሚጀምረው። ባሕር ዛፉም ለምለም፣ ጽዱም ለምለም፤ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አላቸው። ወደ ሱሉልታ በኩል ያለውን ሣር መለየት ቀላል ነው፦ የመስከረምና የየካቲት ምስል ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ በየካቲት የደረቀው ሣር ወይም ሰብል ነው፣ ያልደረቀው ዛፍ። ከዛፎቹ ውስጥ ግን አገር በቀሉ የቱ ነው? ይኼ የዕፅዋት ወዳጆች ጥያቄ ብቻ አይደለም። ባሕር ዛፍ ውኃ ይወዳል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም፤ ከተራራው የሚታጠበው አፈርና ጎርፍ የሚወርደው ደግሞ ወደ ከተማው ነው። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ እንሰማለን። ስንቱ ጸደቀ የሚለውን ከሰማይ ሆኖ መቁጠር ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ የአንድ ዓመት ችግኝ እንዲህ ባለ ፒክስል ውስጥ ከሣር አይለይም።

ለዚህ ነው ማሽን ለርኒንግ የመጣው። ለኮምፒውተሩ "ጽድ ማለት እንዲህ ነው" የሚል ሕግ ቁጭ ብሎ የሚጽፍለት የለም፤ ምሳሌ ነው የሚሰጠው። ሰው ጂፒኤስ ይዞ ጫካ ይገባል፣ ጽዱ መሐል ቆሞ ቦታውን ይመዘግባል፣ ባሕር ዛፉ ጋም እንደዚያው። ስልክም ይበቃል፤ ግን ዛፍ ሥር ጂፒኤስ በርከት ያለ ሜትር ሊስት ስለሚችል የጫካው ዳር ላይ የተመዘገበ ነጥብ አይታመንም። ነጥቦቹ ከተሰበሰቡ በኋላ የሚበዙት ለማስተማሪያ ይውላሉ፣ የቀሩት ለፈተና ይቀመጣሉ።

ወጥመዱ ፈተናው ላይ ነው። የማስተማሪያውና የፈተናው ነጥብ ከአንድ ጫካ፣ ጎን ለጎን ከተወሰደ ኮምፒውተሩ ያለፈው አውቆ ሳይሆን ኮርጆ ነው። ውጤቱ 95 በመቶ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ሌላ ተራራ ላይ ሲሞከር ይወድቃል። እኔ አሁን ስለ ኤአይ "ይህን ያህል በመቶ ትክክል" የሚል ዜና ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ፈተናው የት ተሰጠ ብዬ ነው።

ራሳችሁም መሞከር ትችላላችሁ። የአውሮፓውያኑ ሴንቲነል-2 ሳተላይቶች የሚያነሱት ምስል ለማንም ነፃ ነው፤ ፒክስሉ 10 ሜትር ነው፣ በየ5 ቀኑ ገደማ አዲስ ይመጣል። ስልካችሁ ላይ ኮፐርኒከስ ብራውዘርን ክፈቱ፣ እንጦጦን ፈልጋችሁ አጉሉ፣ ኤንዲቪአይን ምረጡ። ዳታ ይበላል፣ ዋይፋይ ያለበት ብትሆኑ ይሻላል። የመስከረም መጨረሻን ከየካቲት ጋር አወዳድሩ፤ የተራራው ጀርባ ቀለሙን ሲቀይር ታያላችሁ።

ሐምሌን ከመረጣችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ነጭ ደመና ነው። ደመናን አልፎ የሚያይ ራዳር ያለው ሌላ ሳተላይት አለ፣ ሴንቲነል-1፤ የእሱ ምስል ግን ጥቁርና ነጭ ነው፣ ለማንበብም ይከብዳል። ገበሬው ማሳው ላይ ያለው ደግሞ ያኔ ነው።